ቧንቧ የሚሏት ልጅ

ያን ንግግር የሰማችው ገና የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ሳይተኩ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበዋል፣ እሷ በጓዳው አልጋ ላይ የተኛች መስላ ጆሮዋን ጣል አድርጋለች። በወዲያኛው ክፍል እናቷና አክስቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ። ከዚያ ሁሉ ወሬ የቀረላት አንድ የእናቷ ንግግር ብቻ ነው። «እንግዲህ እንደ ልጅሽ እያት» ብላለች እናቷ። አክስቷም የሆነ ነገር መልሳለች። ምን ብላ እንደ መለሰች ግን ልጅቷ አታስታውስም፤ ዝናቡ ይሁን እንቅልፉ፣ አንዱ መልሱን ወስዶባታል። በማግሥቱ አውቶቡስ ላይ ከአክስቷ ጎን ተቀምጣ ወደ ከተማ ስትመጣ የጎደለውን ራሷ ሞላችው። «እንዴታ፣ ልጄ አይደለችም እንዴ?» ብላ ይሆናል አለች በልቧ። ይህ የልጅነት ሙሌት እያደረ እውነት መሰላት። ሆድ በባሳት ቀን ሁሉ ከኪሷ እንደሚወጣ ዳቦ አውጥታ የምትቆርሰው እሱን ነበር።

ዛሬ የማታ ተማሪ ናት። ቀን የአክስቷን ቤት ትይዛለች። አክስቷ መጋረጃ ነጋዴ ስትሆን ሳሎኗም ከሱቋ አይለይም፤ ደንበኛ ቤት ድረስ መጥቶ እንዲያይ በየመስኮቱ ስስና ወፍራሙ ተደራርቦ ተሰቅሏል፣ መስኮት የሌለው ግድግዳ እንኳ ወይን ጠጅ መጋረጃ ለብሷል። እንግዳ ሰው ከኋላው ሌላ ክፍል ያለ መስሎት ገለጥ ሲያደርገው ግድግዳ ያገኛል፣ አክስቷም ትስቃለች። የቤቱ አንደኛ ሕግ ታዲያ የኩሽናው በር መዘጋቱ ነው። «በሩን ዝጊ፣ ሽታው ጨርቁ ውስጥ ይገባል» የሚለውን ቃል ልጅቷ ከስሟ አብልጣ ትሰማዋለች። ስትመጣ «አክስቴ» ትል ነበር። እንግዳ በበዛበት በአንዱ ጊዜ፣ ማንም እንዲህ በይ ሳይላት፣ «እትዬ» እና «እርስዎ» አፏ ላይ ተተኩ፤ ማንም ደግሞ ተይ አላላትም።

ኩሽናዋ ጠባብ ናት። መሃል ላይ የቆመ ሰው ሁለቱን ግድግዳ በክርኖቹ ይነካል። የእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ጎማው አልቆ ጠምዝዘው ቢዘጉትም ያንጠባጥባል፣ በመስኮቱ የሚታየውም የጎረቤት ሕንፃ ጀርባና የተሰጣ ልብስ ነው። ይህን አይቶ ዓለሟ ይህች ብቻ ናት ብሎ የሚያዝንላት ቢኖር ግን ተሳስቷል። ልጅቷ ከዚህች ኩሽና ሆና፣ ሄዳባቸው በማታውቅ ሁለት ከተሞች ያሉ ሁለት ቤቶችን በጆሮዋ ታውቃለች።

ነገሩ የጀመረው በትምህርት ቤቶች ውድድር ነው። በየከተማው ያሉ ተማሪዎች፣ እያንዳንዳቸው ቤታቸው ተቀምጠው፣ በጋራ ለታናናሽ ልጆች የሚያስተምር ድረ ገጽ እንዲሠሩ ተባለ። የአክስቷ ልጅ በቀን ትምህርት ቤቷ ተመርጣ ከሁለት ወንዶች ጋር ተመደበች። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ ጽሑፉ በዛባት፣ የሥራው ሰዓት ከጓደኞቿ ጋር ከምትወጣበት ጋር ተጋጨባት፤ አንድ ቀን ወደ ኩሽና ብቅ ብላ «አንቺ ይህን ነገር ትወጂዋለሽ አይደል? እንኪ፣ በኔ ስም ግቢ» ብላ የመግቢያ ቃሉን ሰጠቻት። ክፋት አልነበረባትም። የሰለቻትን ሹራብ እንደምትሰጣት ነው የሰጠቻት። የአክስቷ ባል፣ እሷ ጋሼ የምትላቸው፣ የመድን ድርጅት ሠራተኛ፣ ስልክ ሲቀይሩ መስታወቱ የተሰነጠቀውን አሮጌውን ማቀዝቀዣው ላይ አስቀምጠውላት ምንም ሳይናገሩ ሄደው ነበር። በዚያ ስልክ ገባች።

ልጆቹ የሚሠሩበት መንገድ እንዲህ ነው፦ ሥራ ሲጀምሩ መስመሩን ይከፍቱና ክፍት ይተዉታል፤ የሚያወራ ያወራል፣ የማያወራ ዝም ብሎ ይሠራል። መልክ መተያየት መስመሩን ስለሚያጓትተው ካሜራ አይከፍቱም። ልጅቷ በአንድ ጆሮዋ እየሰማች፣ አክስቷ ድምፅ እንዳትሰማባት መልሷን በጽሑፍ ትሰጣለች፤ አፏን ከከፈተችም በሹክሹክታ ነው፣ ልጆቹም ሰው መለወጡን አላወቁም። ስሕተቷ ማይኩን የዘጋች መስሏት መቆየቷ ነበር። ሳምንታት ሙሉ ሳህን ስታጥብ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ባልዲ ስትሞላ ልጆቹ ይሰሟታል። ነገሩ ሲገለጥ አፍራ መስመሩን ልትዘጋ ስትል አንደኛው «ኧረ ተይው! ውሃው ሲወርድ ነው መኖርሽን የምናውቀው» አላት። ቧንቧ ያሏት ያን ጊዜ ነው። እሱ ራሱ ዶሮ ይባላል፣ አፉን በከፈተ ቁጥር የቤታቸው አውራ ዶሮ ካልጮኸ ሞቼ እገኛለሁ ስለሚል። ሌላኛው ጋራዥ ነው፤ አባቱ ከመኖሪያቸው በታች መኪና ይቀጠቅጣሉ። ስም እንዲህ ወጣላቸውና በዚያው ቀሩ።

ድረ ገጹ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ የሚያስተምር ነው። ዶሮ ሥዕሎቹን ሠራ፣ ጋራዥ ገጾቹን አያያዘ፣ ጽሑፉ የልጅቷ ነው። አንድ ገጽ ደግሞ ከነሐሳቡ የሷ ነበር። ሕፃኑ አንድ ድምፅ ተጭኖ ይሰማል፣ የምን ድምፅ እንደሆነ ይገምታል፣ ከዚያ ድምፁ ለምን እንዲያ እንደሆነ ይነገረዋል። ድምፆቹ ሁሉ ከዚህች ኩሽና የወጡ ናቸው፤ የመጥረጊያ፣ የክዳን፣ የቢላዋ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ። ከሁሉ የሚወደደው የባልዲው ነው። ውሃው ገና ታች ሳለ ወፍራም ይሆንና እየሞላ ሲመጣ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ፣ ሊፈስ ሲል ጸጥ። ያን ጸጥታ ለማግኘት ቧንቧውን በስንት ሙከራ እንደዘጋችው እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ለፍጻሜው አለፉ። ዛሬ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዳኞቹ ሦስቱንም በካሜራ ያነጋግራሉ። ያሸነፈ ቡድን አባላት ለሚመጣው ዓመት አዳሪ የሳይንስ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ለአክስቷ ልጅ ይህ ያን ያህል ነገር አይደለም፤ ትምህርት ቤቷ ጥሩ ነው። ለልጅቷ ግን ቀን ቀን ወንበር ላይ ተቀምጦ መማር ማለት ነው። የውድድሩ አስተባባሪ መምህር የአባላት ስም ቃለ መጠይቁ እስኪጀመር ድረስ ይስተካከላል፣ አሳዳጊ ደውሎ ከተናገረ ይበቃል ብለዋል። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ላይ ያልተመዘገበ ሰው ከተገኘ ግን ቡድኑ እንዳለ ይሰረዛል። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ ቃል ስትመርጥ ሰንብታ፣ ዛሬ ጠዋት ቁርስ ይዛ ስትገባ፣ ትሪውን ሳታስቀምጥ ተናገረች። ሥራው የሷ እንደሆነ እትዬም እንደሚያውቁ፣ የልጃቸው ስም ይውጣ እንዳላለች፣ የሷም እንዲጨመር ብቻ ለመምህሩ እንዲደውሉላት።

አክስቷ አልተቆጣችም። ተቆጥታ ቢሆን ይቀል ነበር። ዳቦዋን እየቀባች፣ የመጋረጃ ደንበኛ በምታናግርበት ድምፅ፣ ይሄማ አሁን ጊዜው አልፏል አለች። አራተኛ ሰው ከየት መጣ ሲባል የልጇ ትምህርት ቤት ያፍራል፣ ልጄን በሰው ፊት ውሸታም ላሰኛት ወይ አለች። «ደግሞስ አንቺ አዳሪ ገባሽ እንበል» ብላ ጀመረችና ቀሪውን ከዳቦው ጋር ዋጠችው። የአክስቷ ልጅ ሻይዋን ታማስላለች፣ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ጋሼ ጋዜጣቸውን ገለጡ። ልጅቷ ትሪውን አስቀምጣ ወጣች፤ በሩን ዝጊ ሳትባል ዘጋችው።

ብዙም ሳትቆይ የአክስቷ ልጅ መጥታ የማቀዝቀዣውን ጎን ተደገፈች። ጥፍሯን ቀለም ተቀብታ ነበር፣ እንዲደርቅላት ጣቶቿን በትና ይዛለች። ልጅቷ ድንች እየላጠች ለምን እንደመጣች ጠበቀች።

«እማዬን አውቃታለሁ፣ አንዴ እንቢ ካለች አለች ነው» አለች የአክስቷ ልጅ።

«አውቃለሁ።»

«እና... ዳኞቹን ምን ምን ልበላቸው?»

ልጅቷ ቢላዋውን አላቆመችም። እምቢ ማለት ትችል ነበር፤ ያኔ ግን ዶሮና ጋራዥ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምራ አስተማረቻት። ድምፅ አየሩን እንዴት እንደሚገፋ፣ የጆሮ ታምቡር እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ የቱን ገጽ ማን እንደሠራ። የአክስቷ ልጅ ቶሎ ይገባታል፤ ሞኝ አይደለችም፣ እያስመሰለች ስትደግመው ለራሷ እየሳቀች ነበር።

«ዶሮ የሚባለው መልከ መልካም ነው?»

«አይቼው አላውቅም። ሲያስነጥሰው ግን ሁለቴ ነው።»

«እኔን ማን ይሉኛል?»

«ቧንቧ።»

የአክስቷ ልጅ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ጠፋባት። ውሃው ሳህኑ ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም ሰሙት። «ጥፍሬ ደርቋል መሰለኝ» ብላ ወጣች።

ሽንኩርት አልቆ ስለነበር ልጅቷ ወደ ጉሊት ወረደች። ሻጯ ሽንኩርት ዛሬም ጨመረ ብላ በመሐላ ጀመረች፤ ልጅቷ ለመከራከር አቅም አጥታ ዝም ብትል ሴትዮዋ ራሷ ደንግጣ አንድ ራስ መረቀችላት። ስትመለስ በሕንፃው ደረጃ ሥር፣ የጽዳት እቃ በሚቀመጥበት ጥግ፣ ተቀምጣ እናቷ ጋ ደወለች። እናቷ በትንሿ ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ቅዳሜ ወለል ታጥባለች፤ ስልኩን ያነሳችው እያለከለከች ነበር። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ጉልበትሽስ፣ ተመስገን ተባባሉ። ሁለቱ ሲያወሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የሚባለው ቶሎ ያልቅና የማይባለው መስመሩን ይዞ ይቀመጣል። ልጅቷ ስለ ውድድሩ ልትነግራት ነበር የደወለችው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እማ፣ ያኔ ስትልኪኝ... እንደ ልጅሽ እያት አልሻት። እሷ ምን አለች?»

ከእናቷ በኩል ባልዲ ሲጎተት ተሰማ።

«ሰምተሽ ነበር እንዴ?»

«ምን አለች?»

«ተይው ባክሽ፣ ስንት ዘመኑ።»

«እማ።»

«ምንም አላለችም» አለች እናቷ በመጨረሻ። «በሩን ዝጊው፣ ልጅቷ ትሰማለች፣ አለችኝ። ዘጋሁት። ከዚያ ስለ አውቶቡሱ አወራን።» «እኔም ደግሜ አልጠየቅኳትም» አለች። «አልወስድም ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ያን ዓመት እንዴት እንደነበርን አንቺ አታውቂም። ደግሜ ብጠይቃት... እሷም ክፉ አይደለችም፣ ልጄ። አላስራበችሽም።»

ልጅቷ አዎ፣ አላስራበችኝም አለች። ይህ እውነት ነው። እናቷ በርቺ፣ ፈጣሪ ይከተልሽ ብላ መረቀቻት፤ እሷም አሜን ብላ ዘጋችው። የሽንኩርቱን ዘንቢል ይዛ ደረጃውን ወጣች። የምትቆርሰው ዳቦ አልነበረም። ዝናቡም አልወሰደባትም፣ እንቅልፍም አልወሰደባትም፤ ያልተመለሰ መልስ ነበር እስከዛሬ የያዘችው።

ምሳ ተበላ። ጋሼ «ጥሩ ነው» አሉ፣ ሁልጊዜ እንደሚሉት። አክስቷ የሳሎኑን ጠረጴዛ አስጠርጋ ኮምፒውተሩን ወይን ጠጁ መጋረጃ ፊት አስቀመጠችው፣ ልጇ ጀርባ ያማረ ነገር እንዲታይ። ልጅቷ የራሷን ስልክ አጥፍታ መደርደሪያው ላይ አኖረችው፤ በአንድ ስም ሁለት ሰው አይገባም። ለእራት የሚሆነውን ሽንኩርት ድስት ውስጥ ጣደችና ከተዘጋው በር ኋላ ቆመች። አንድ ጊዜ፣ ልጅ ሳለች፣ እንዲህ ሆና የሌላ ሰው ንግግር እንደሰማች ትዝ አላት። ዛሬ ግን ዝናብ የለም፣ ሁሉም ይሰማል።

ዶሮ ተናገረ። አፉን እንደከፈተ አውራ ዶሮው ጮኸ፣ ዳኞቹ ሳቁ፣ ልጅቷም በሩ ኋላ ሳታስበው ፈገግ አለች። ጋራዥ ቀጠለ። የአክስቷ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ያጠናችውን አንድ ሳታስቀር ተናገረች፣ ድምፅ አየሩን ይገፋል፣ ታምቡሩ ይንቀጠቀጣል፤ በእርግጥም አማረባት። ከዳኞቹ አንዷ፣ ድምፃቸው የእናት የሆነ፣ ስለ ድምፆቹ ገጽ ጠየቁ። ቤቴ ያሉት ልጆች ከሱ አልነሳ አሉኝ፣ ባልዲውን እየደጋገሙ ያጫውቱታል፣ ሐሳቡ የማን ነው አሉ።

«እ... የሁላችንም ነው» አለች የአክስቷ ልጅ።

«ምን ታካብጃለሽ!» አለ ጋራዥ እየሳቀ። «የቧንቧ ነው። ከነድምፁ የሷ ነው። እኛማ ሰምተን አፋችንን ነው የያዝነው።»

«ቆይ ግን» አለ ዶሮ፣ «ዛሬ ምነው ቤታችሁ ጭር አለ? ቧንቧ ያለ ቧንቧ? ክፈቺውና ዳኞቹ ይስሙት እንጂ።»

«ይሰማ እስቲ» አሉ ሴትዮዋ። «ባልዲው ይሰማ።»

የኩሽናው በር በስሱ ተከፈተና አክስቷ ገባች፤ መልሳ ዘጋችው። ፊቷ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ባልዲውን ሙዪ» አለች በሹክሹክታ። «ድረ ገጹ ላይ እንዳለው አድርገሽ፣ በሩን ለአፍታ ገርበብ አደርግልሻለሁ። እሷ አትችልበትም፣ ይታወቅባታል። ቶሎ በይ፣ የኔ ልጅ።»

የኔ ልጅ ያለችው ገበያ ላይ ለማንም ልጅ እንደሚባለው ነው። ልጅቷም እንደዚያው ሰማችው። ባልዲውን ከጥግ አንስታ ቧንቧው ሥር አኖረች፣ እጇንም መክፈቻው ላይ አሳረፈች፤ አልጠመዘዘችውም። ሁለት እርምጃ ተራምዳ ሳሎን ብትገባ፣ እኔ ነኝ ብትል፣ ሁሉ ነገር ያበቃ ነበር፤ የዶሮና የጋራዥ ድካምም አብሮ። ጠብ፣ ጠብ ይላል ባልዲው።

«ምነው?» አለች አክስቷ። «እባክሽ።»

«አክስቴ» አለች ልጅቷ። ቃሉ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «በሩ ይከፈት።»

«ምን?»

«በሩ ይከፈት። እስኪጨርሱ ድረስ ክፍት ይሁን። አልወጣም፣ አልናገርም። እነሱ ግን ይስሙኝ።»

አክስቷ ድስቱን አየች። ሽንኩርቱ መብሰል ጀምሮ እንፋሎቱ ጣሪያውን ይልሳል። ከሳሎኑ የልጇ «አንዴ ይቅርታ፣ መጣሁ» የሚል ግራ የገባው ድምፅ መጣ፣ ጋሼም ጋዜጣቸውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ተሰማ። አክስቷ ልጅቷን ትኩር ብላ አየቻት፣ እንደ ደንበኛ ሳይሆን፤ ከዚያ አውቶቡስ ከወረዱ ወዲህ እንዲህ አይታት ታውቅ እንደሆነ እንጃ። አንድ ነገር ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የዛን ጊዜውን ንግግር ልታነሳ ይሆናል፣ ወይም ስለ መጋረጃው።

«እሺ» አለች።

በሩን እስከ ግድግዳው ከፈተችው። ራሱን ችሎ የማይቆም በር ነበር፣ ሁልጊዜ እንዲዘጋ ሆኖ የተሠራ። ስለዚህ አንድ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ከሥሩ ወተፈችው። ልጅቷ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ወፍራም ሆኖ ጀመረ፣ እየሞላ እየቀጠነ ሄደ፣ የሽንኩርቱ ሽታም ከድምፁ ጋር ወደ ሳሎን ወጣ። ከኮምፒውተሩ ዶሮ «ይኸው፣ መጣች» አለ። አክስቷ በአንድ ባዶ እግሯ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር፤ ባልዲው ሞልቶ ጸጥ ካለ በኋላም ጫማዋን አላነሳችም።